እድር የምንከፍለው ለማን ነው?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 43 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከሰባት ወር በፊት አባቴ በድንገት አረፈ። ማታ አብረን ራት በላን፣ ጠዋት መርዶ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እባንናለሁ። ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። 'እኔም እንዲሁ ነው የምሞተው' እላለሁ። ተነስቼ የልብ ምቴን እቆጥራለሁ። ሦስት ቦታ ተመርምሬ ምንም የለብህም ተብያለሁ። ልጆቼ ሲስቁ ሳይ እንኳ 'ይሄን ጥዬ ልሄድ ነው' እልና ደስታው ይጠፋብኛል። ለእናቴ ብነግራት 'የሰይጣን ጆሮ ይደፈን፣ አትሟርት' አለችኝ። ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ጉዳይ ከአርባው ወዲህ አንነጋገርም። ባለቤቴ ደግሞ 'ሞቱን የተቀበለ ሰው በደንብ ይኖራል' የሚል ነገር ሰምታ ትነግረኛለች። ለእኔ መቀበል እጅ መስጠት ነው የሚመስለኝ። ሰው ሞቱን እያሰበ እንዴት ደስ ብሎት ይኖራል?»

ምላሽ

ወንድሜ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር። ሰባት ወር ለእንዲህ ያለ ሐዘን ረጅም ጊዜ አይደለም። እንደ ድክመት አትቁጠረው።

ከጥያቄህ በፊት ስለ ሌሊቱ ጥቂት ልበል። የምትገልጸው ነገር ፓኒክ አታክ ከምንለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሰውነትህ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና ራሱ ይበርዳል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። ሦስት ቦታ መመርመርህ ጥሩ ነው። አዲስ ምልክት ካልመጣ አራተኛ ቦታ አትሂድ። የልብ ምት መቁጠሩንም ቀስ በቀስ ተው። በቆጠርክ ቁጥር ለአምስት ደቂቃ ትረጋጋለህ። አእምሮህ ግን «ባልቆጥር ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?» የሚል ትምህርት ይይዛል። ስለዚህ በማግስቱ ፍርሃቱ ጠንክሮ ይመጣል።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

መቀበልና እጅ መስጠት አንድ ቢሆኑ ኖሮ እኔም ካንተ ጋር እቆም ነበር። ግን አንድ አይደሉም። ክረምት እንደሚመጣ የተቀበለ ሰው ግንቦት ላይ ጣራውን ያስጠግናል። ያልተቀበለው ሐምሌ ላይ ባልዲ ይደረድራል። ሁለቱም ቤት ዝናቡ ይዘንባል።

አንተም ቢሆን በአንድ በኩል ከተቀበልክ ቆይተሃል። እድር አለህ አይደል? በየወሩ ትከፍላለህ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ በዚያ ገንዘብ ነው የሚገዛው። ለማን ነው የምትከፍለው? ለጎረቤትህ፣ ለእናትህ፣ ለዘመድ። ግን ለራስህም ጭምር ነው። ያ ድንኳን አንድ ቀን ባንተ ደጅ ይተከላል። ይህን እያወቅህ ነው ስምህን መዝገቡ ላይ ያስጻፍከው።

እኛ ለሐዘን የተሰናዳን ሕዝብ ነን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ። ንፍሮውን እናውቃለን። ሰልስቱን፣ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን እናውቃለን። ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው እናውቃለን። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በሌላ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሁሉ በላይ የሚናፍቃቸው ይኸው እንደሆነ ደጋግመው ነግረውኛል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት የሌላ ሰው ሞት ዕውቀት ነው። ወሬው ወደ ራሳችን ሲዞር ዝም እንላለን። «አትሟርት» እንላለን። እናትህ ክፉ አስባ አይደለም ያለችህ። ባሏን ከቀበረች ሰባት ወሯ ነው፤ የልጇን ሞት መስማት አትችልም። አንተ ግን ፍርሃትህን ይዘህ ብቻህን ቀረህ።

እኔ የምሠራው በጠና ከታመሙ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። ይህን ዝምታ በየሳምንቱ አየዋለሁ። አንዲት እናት ነበሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ልጆቻቸው በኮሪደር ያዙኝና «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪያት፤ ከሰማች ትሞታለች» አሉኝ። ገባሁ። እናትየው በሩ መዘጋቱን አዩና «ልጆቼ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እንዳትነግሪያቸው፣ ይሰበራሉ» አሉኝ። ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም እየተደባበቁ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሾርባ ያወራሉ።

ነገሩ በመጨረሻ ሲወጣ ለቅሶ ሆነ፤ አልደብቅህም። ግማሽ ቀን ተለቀሰ። ከዚያ በኋላ ግን እናትየው ሥራ ጀመሩ። ትንሿን ልጃቸውን ጠርተው የበርበሬ አደራረግ አስተማሯት። ኮረሪማው ስንት፣ ነጭ ሽንኩርቱ መቼ፣ ፀሐዩ ስንት ቀን። አልጋ ላይ ሆነው ያሸቱና «አልደረሰም» ይላሉ። ለዓመታት ያኮረፏትን እህታቸውን አስጠሩ። ሊቀበሩበት የሚፈልጉትን ቤተ ክርስቲያን ተናገሩ። የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ወራት ነበር፤ ልጅቷ ግን በኋላ ስትነግረኝ ከእናቷ ጋር የኖረችው እነዚያን ወራት ብቻ እንደሚመስላት ነው። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁና አልተገረምኩም።

ይህን የታመሙ ሰዎች ታሪክ ብቻ አድርገህ አትውሰደው። እጅ መስጠት የሚለውን ሐሳብህን የሚፈትሹ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች አንድ ጥናት አወጡ። ጄኒፈር ቴመል የምትባል የካንሰር ሐኪም ነች የመራችው። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች ነበሩ። ገሚሱ የተለመደውን የካንሰር ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላው ከዚያው ሕክምና ጋር ገና ከጅምሩ የማስታገሻ እንክብካቤ ተጨመረለት። እዚያ ሕመማቸውን ያስታግሱላቸዋል። ምን እንደሚጠብቃቸውና ምን እንደሚፈልጉም በግልጽ ያነጋግሯቸዋል። የእነዚህኞቹ ኑሮ ተሻለ፤ ድባቴያቸው ቀነሰ። በመጨረሻው ሰሞን ከባድ ሕክምና የወሰዱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። የኖሩት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ በመካከለኛ ልኬት 11.6 ወር፣ ሌሎቹ 8.9 ወር። ንግግሩ ብቻውን ዕድሜ አስረዘመ አልልህም። እንክብካቤው ብዙ ነገር ነበረው። እውነቱን መስማት ሰውን ይገድላል የሚለውን ፍርሃት ግን አይደግፍም።

ሌላም አለ። ሃርቪ ቾቺኖቭ የተባለ ካናዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን ስለ ሕይወታቸው መጠየቅ ጀመረ። በጣም የኖርክ የመሰለህ መቼ ነው? ቤተሰብህ ስላንተ ምን እንዲያውቅ ትፈልጋለህ? ምን ምክር ትተውላቸዋለህ? መልሱ ይቀዳል፣ ይጻፋል፣ ይታረማል፣ ለሰውየው ይሰጣል። ሰውየውም ለፈለገው ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የመጀመሪያ ጥናት 100 ሕመምተኞች ነበሩ። 76ቱ ክብራቸው ከፍ እንዳለ ተናገሩ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ 47ቱ የመኖር ፍላጎታቸው ጨመረ። ስለ ሞታቸው አውርተው የመኖር ፍላጎታቸው ጨመረ! እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሰፊ ጥናት በጭንቀትና በድባቴ መለኪያ ከሌላው እንክብካቤ የተለየ ብልጫ አላሳየም፤ ይህንንም ልትሰማው ይገባል። ያም ሆኖ ሕመምተኞቹ ራሳቸው እንደረዳቸው መስክረዋል።

«እኔ ግን ጤነኛ ነኝ» ትለኝ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ላይም ነገሩ ይሠራል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላውራ ካርስተንሰንና ባልደረቦቿ ሰዎችን ቀላል ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። ግማሽ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ቢኖርህ ከማን ጋር ታሳልፈዋለህ? ከቅርብ ቤተሰብህ፣ በቅርቡ ከተዋወቅከው ሰው ወይስ መጽሐፉን አንብበህ ከጨረስከው ደራሲ ጋር? አረጋውያን ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ ይላሉ። ወጣቶች መልሳቸው የተለያየ ነው። በእንግሊዝ ትተዳደር የነበረችው ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ቻይና ልትመለስ ሁለት ወር ሲቀራት ግን እዚያ ያሉ ወጣቶችም እንደ አረጋውያኑ ቤተሰብ አሉ። አንድ ዘመን እያለቀ እንደሆነ ተሰማቸው። ከዓመት በኋላ ሲጠየቁ ልዩነቱ ተመልሶ መጣ። ዕድሜያቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የቀረኝ ጊዜ ይህን ያህል ነው የሚለው ስሜት ነው። ጊዜ ማለቂያ እንዳለው ሲሰማን ምርጫችን ይጠራል።

ታዲያ አንተ ሰባት ወር ሙሉ ስለ ሞት እያሰብክ ምርጫህ ለምን አልጠራም? ጥያቄህ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። መልሱን አያቴ ታውቀው ነበር።

አያቴ መገነዣ ነበራት። ኢየሩሳሌም የተሳለመች ዘመዷ ያመጣችላት ነጭ ጨርቅ ነው። ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እኛ ልጆች እንፈራ ነበር፤ በዚያ በኩል አናልፍም። እሷ «ይሄ የመጨረሻ ልብሴ ነው፣ ብል እንዳይበላው ነው» ትለናለች። ከሰዓት ላይ አጥፋ ትመልሰዋለች። ከዚያ ቡና ታፈላለች። በዚያው ሰሞን የጓሮ ኮክ ስትተክል ደርሼባታለሁ፤ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏታል። ያኮረፈችው ሰው ካለም ዓመቱ ሳይገባ ትታረቃለች።

ትልቅ ሆኜ፣ ይህን ሙያ ከተማርኩ በኋላ ነው የገባኝ። አያቴ ለሞቷ ግማሽ ቀን ሰጥታዋለች። ቦታ ስላለው ሌላውን ቀን አይወስድባትም። አንተ ቦታ ስላልሰጠኸው በየሌሊቱ በመስኮት ይገባል። ቀን ታባርረዋለህ፣ ሌሊት ይመጣል። ስለ ሞት እያሰብክ ነው ትላለህ፤ እንደ እኔ ግን እየሸሸኸው ነው። መሸሽና ማሰብ ከውጪ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ስለዚህ ቦታ ስጠው። ቀን ላይ፣ ለምሳሌ ከሥራ ስትወጣ አስራ አንድ ሰዓት፣ 20 ደቂቃ ያዝ። ሌሊት ሲመጣብህ «ነገ በአስራ አንድ ሰዓት» በለው። መጀመሪያ ላይ አይሰማህም። ሁለት ሦስት ሳምንት ስጠው። በዚያ 20 ደቂቃ ደብተር ይዘህ አንድ ነገር ጠይቅ። በትክክል የምፈራው ምንድን ነው?

«ሞት» ብለህ አትጻፍ። ሞት የሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ፍርሃት ታሽጓል። አንዱ ሰው ሕመሙን ነው የሚፈራው። እሱን ማስታገሻ ያለው ሐኪም ያናግረው። ሌላው ከሞት በኋላ ያለውን ይፈራል። ያ የእኔ መስክ አይደለም፤ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ያናግር። ይህን የምለው ለመሸሽ አይደለም። እምነታቸውን በግልጽ ያወሩ ሰዎች ቀለል ሲላቸው ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንዳንዱ ልጆቹን ጥሎ መሄድን ይፈራል። ደብዳቤህን ሳነብ የአንተ በአብዛኛው ይህ መሰለኝ። ይህ ፍርሃት ደግሞ ሥራ ሊሆን ይችላል። ኑዛዜ ጻፍ። 43 ዓመትህ ነው፤ ገና ነው አትበል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ በራስህ እጅ ጽሑፍ ሊደረግ ይችላል፤ ሙሉውን ራስህ ትጽፋለህ፣ ኑዛዜ መሆኑን ትገልጻለህ፣ ቀን ታደርግበታለህ፣ ትፈርማለህ። ወይም በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ታዘጋጃለህ፤ እሱ ባንተና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያውም ይፈረማል። ዝርዝሩን ጠበቃ ይንገርህ። ባለቤትህ የባንኩን፣ የቤቱን ካርታ፣ ያበደርከውንና የተበደርከውን ትወቅ። ከአባትህ ሞት በኋላ በቤት ጉዳይ ምን እንደሆነ አይተሃል። ልጆችህ ያንን እንዳያዩ ማድረግ ሟርት አይደለም። ብዙ ሰው ኑዛዜውን ጽፎ የጨረሰ ዕለት ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል።

የቀረው ሳልኖር እሞታለሁ የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ ለአብዛኛው ሰው ከሁሉም ይከብዳል። ሳልናገረው፣ ሳላየው፣ ሳልሞክረው፣ ሳልታረቅ። ይህኛው ብቻ በክኒን፣ በኑዛዜና በጸሎት አያልቅም። ደብተርህ ላይ ሲመጣ አንድ ትንሽ ነገር ምረጥና በዚያው ሳምንት አድርገው። ትልቅ ነገር አትምረጥ። አንድ ደንበኛዬ የልጅነት አስተማሪውን አፈላልጎ ደወለላቸው። አስር ደቂቃ ነው ያወሩት። ለአንድ ወር ያህል ስለዚያ ስልክ ሲያወራ ነበር።

ልጆችህ ሲስቁ ስለሚመጣብህ ሐሳብም ልንገርህ። «ይሄን ጥዬ ልሄድ ነው» ሲልህ አትታገለው። እውነት ነውና ትሸነፋለህ። «አዎ፣ አንድ ቀን። አሁን ግን እዚህ ነኝ» በለው። ከዚያ ዓይንህን ወደ ልጅህ መልስ። የወለቀው ጥርስ የቱ ነው? ሲስቅ ትከሻው እንዴት ይሆናል? ድምፁ የማንን ይመስላል? በትንሹ ይጀመራል። ያ ሐሳብ ደስታህን የሚሰርቀው ወደ ራስህ ሞት ይዞህ ሲሄድ ነው። እዚያው ልጁ ላይ ካቆምከው ግን ደስታውን ያጠነክረዋል። ያኔ የሚያልፍ ነገር እያየህ እንደሆነ ታውቃለህና ስልክህን ታስቀምጣለህ። የባለቤትህ ቃል እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበልህ። ሞትን መፍራትና መሞት መፈለግ የተለያዩ ናቸው። አንተ የጻፍከው ፍርሃት ነው። አንድ ቀን «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ደብተርም 20 ደቂቃም አይበቃውም። በዚያው ቀን ለባለቤትህ ንገራትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ ካለህ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። እንቅልፉ በአንድ ወር ውስጥ ካልተሻሻለም ሂድ። ለማስተኛት ብለህ መጠጥ አትጀምር። ለፓኒክ ጥሩ ሕክምና አለ፤ ብዙ ሰው ይድናል።

በመጨረሻ ወንድምህ። በደብዳቤህ አንድ መስመር ብቻ ሰጥተኸው አልፈሃል። እኔ ግን ሳነብ እዚያ ላይ ቆምኩ። በቤቱ ማን ትክክል እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔም ጉዳይ አይደለም። እሱም ግን በዚያው ጠዋት አባቱን ያጣ ሰው ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እሱም ነቅቶ ይሆናል። በዚህ ዓለም ላይ የአባታችሁን ሳቅ አንተ በምታስታውሰው መንገድ የሚያስታውስ ሌላ ሰው የለም።

ሙት ዓመቱ አምስት ወር ቀርቶታል። ያኔ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሁለታችሁም እዚያው ስር ትቀመጣላችሁ። ከዚያ በፊት ደውልለት። ስለ ቤቱ አታንሳ። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ምን እንደመለሰልህ ጻፍልኝ።